ከከተማ ከተማ ስንት ሰዓት ይበረራል? ርቀቱንም ሰዓቱንም ራሳችሁ አስሉት

አንድ ጓደኛዬ ከለንደን ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። መነሻ 11:00፣ መድረሻ 14:00 ይላል። «ሦስት ሰዓት? ቅርብ ነው እኮ» አልኩና «ስታርፍ ደውል» ብዬው ስልኬን ይዤ ቁጭ። ሦስት ሰዓት አለፈ። አምስት ሆነ። ስልኩ ዝግ ነው። ስድስተኛው ሰዓት ላይ ዜና እያገላበጥኩ ነበር። እሱ ለካ አትላንቲክ ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። በረራው ስምንት ሰዓት ነበር፤ እኔ የቀነስኩት የአንዱን ከተማ የግድግዳ ሰዓት ከሌላው ከተማ የግድግዳ ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ከዚህ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው «የቱ ሰዓት?» እለዋለሁ። አየር ላይ የሚጠፋው አለ፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈው አለ፣ ከበር እስከ በር ያለው አለ። ርቀቱም እንዲሁ ነው፤ የመኪናው ሌላ፣ የቀጥታው ሌላ፣ አውሮፕላኑ በእውነት የበረረው ደግሞ ሌላ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ቁጥር ብዙ ጊዜ ስህተት አይደለም። የሌላ ጥያቄ መልስ ነው እንጂ።

የትኛው ከተማ? የትኛው ኤርፖርት?

ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት እንግሊዛውያን ወጣቶች አውስትራሊያ ሲድኒ እንሄዳለን ብለው ተነሱ፤ ያረፉት ግን ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ባለች ሲድኒ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከለንደን የአውስትራሊያዋ ሲድኒ 17,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ የካናዳዋ 4,300 ገደማ። ለንደን ራሷ ካናዳ ውስጥ ሞክሼ አላት። ሳን ሆሴ ብላችሁ ስትፈልጉ ኮስታሪካ ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ ካሊፎርኒያም ልትሄዱ ትችላላችሁ።

መድኃኒቱ ባለሦስት ፊደሉ የኤርፖርት ኮድ ነው። የከተማ ስም ይደገማል፣ ኮድ ግን አይደገምም። የአውስትራሊያዋ ሲድኒ ኤስ ዋይ ዲ ነው፣ የካናዳዋ ዋይ ኪው ዋይ። ርቀት ስትፈልጉም ኮዱን አስገቡ፣ ምክንያቱም አንድ ከተማ ሁለት ሦስት ኤርፖርት ሊኖረው ይችላል። ቶኪዮን ውሰዱ፦ ሃኔዳ ከመሃል ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ናሪታ ግን 60 ገደማ። አየር ላይ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፤ ካረፋችሁ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ሊበላችሁ ይችላል።

ርቀቱን ማግኘት

መጀመሪያ የመንገድ ርቀትን እርሱት። የካርታ አፕሊኬሽኖች ሁለት ከተማ ስታስገቡላቸው መጀመሪያ የሚሰጧችሁ የመኪና ርቀት ነው፣ እሱ ደግሞ ተራራውንም ወንዙንም እየዞረ ነው የሚሄደው። ቦነስ አይረስና ሞንቴቪዴዎ በቀጥታ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ግን መሃላቸው የላ ፕላታ ወንዝ እንደ ባሕር ተዘርግቷል፤ በመኪና ዞራችሁ ስትሄዱ ከ550 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ቀጥታውን ለማግኘት ጉግል ማፕስን በኮምፒውተር ክፈቱ። መነሻው ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና ርቀት መለኪያውን ምረጡ፣ ከዚያ መድረሻው ላይ ክሊክ አድርጉ፣ አለቀ። በስልክ ከሆነ ቦታው ላይ ጣታችሁን ይዛችሁ ቆዩ፣ ምርጫው ይመጣል። ግሬት ሰርክል ማፐር የሚባል ድረ ገጽም አለ፤ ሁለት ኮድ ታስገባላችሁ፣ ርቀቱንና መስመሩን ስሎ ያሳያችኋል። እኔ ለዚህ ሥራ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

መለኪያውን ግን አትርሱ። ከለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት እስከ ኒውዮርኩ ጄ ኤፍ ኬ 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያው ርቀት 3,442 ማይል ነው። ያው ርቀት 2,991 ናውቲካል ማይልም ነው። የየብሱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ ናውቲካሉ 1.852። የአቪዬሽን ድረ ገጾች ናውቲካል ይወዳሉ፤ «ሦስት ሺህ ማይል ነው» የሚል ካያችሁ የቱን ማይል እንደሆነ ሳታጣሩ አታባዙ።

ኢንተርኔት ከሌላችሁ ወይም እንደኔ «እንዴት ነው የሚሠራው?» የሚል አባዜ ካለባችሁ በእጅም ይሰላል። ቀላሉ ዘዴ ሁለቱ ከተሞች በሰሜንና ደቡብ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካይሮ ከምድር ወገብ በላይ 30 ዲግሪ፣ ጆሃንስበርግ ከምድር ወገብ በታች 26 ዲግሪ፤ ኬንትሮሳቸው ይቀራረባል። ደምሩ፣ 56 ዲግሪ። በ111 ስታባዙ 6,216 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው 6,250 ገደማ ነው። ለጭንቅላት ስሌት ምን ይወጣለታል?

አግድም ለሆኑት ይሄ አይሠራም፣ ምክንያቱም የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ ሲጠጉ ይቀራረባሉ። 60 ዲግሪ ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ምድር ወገብ ላይ ካለው ግማሽ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሳይንና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር አምጡ፣ የስልካችሁም ይበቃል፣ በዲግሪ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን ታባዛላችሁ። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን አባዝታችሁ ውጤቱን በኬንትሮሳቸው ልዩነት ኮሳይን ታባዛላችሁ። ሁለቱን ውጤቶች ትደምሩና ድምሩን በተገላቢጦሽ ኮሳይን (cos⁻¹) ወደ ዲግሪ ትመልሳላችሁ። ዲግሪው በ111.2 ሲባዛ ርቀቱ ነው። ምድር ወገብ ግራና ቀኝ ከሆኑ የደቡቡን ኬክሮስ በኔጋቲቭ አስገቡ።

በሂትሮውና በጄ ኤፍ ኬ እንየው። ሂትሮው ኬክሮሱ 51.47፣ ጄ ኤፍ ኬ 40.64፣ የኬንትሮስ ልዩነታቸው 73.32 ዲግሪ። የሳይኖቹ ብዜት 0.5095። የኮሳይኖቹ ሦስትዮሽ ብዜት 0.1357። ድምር 0.6452። ይሄ ኮሳይን ያለው ማዕዘን 49.82 ዲግሪ ነው። በ111.2 ስታባዙት 5,540። ከላይ የጻፍኩት ቁጥር ቁጭ አለ። መጀመሪያ ስሠራው እውነት ለመናገር ጮኼያለሁ።

መስመሩ ለምን ይቆለመማል?

የመቀመጫችሁ ስክሪን ላይ ያለው መስመር ቀስት ሠርቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ አይታችሁ ይሆናል። ከለንደን ሎስ አንጀለስ የሚበር ሰው ግሪንላንድ ላይ ምን ይሠራል? መልሱ ካርታው ላይ ነው ያለው። የለመድነው ካርታ መርካቶር የተባለ ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ያወጣው አሣሣል ነው፤ አቅጣጫን ይጠብቃል፣ ስፋትን ግን ወደ ዋልታ በሄደ ቁጥር ይለጥጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል መስላ የምትታየው ለዚህ ነው፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ሉል ካገኛችሁ በሁለቱ ከተሞች መሃል ክር ወጥራችሁ ያዙ። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አውሮፕላኑ እየዞረ አይደለም፣ ዞሮ የሚታየው ካርታው ላይ ነው።

ከኪሎ ሜትር ወደ ሰዓት

እኔ የምጠቀምበት ስሌት ይሄ ነው፦ ርቀቱን ለ800 አካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ለንደን ኒውዮርክ፦ 5,540 ለ800 ወደ 6.9 ሰዓት፣ ሲጨመርበት 7 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ። ትኬቱ ላይ ሲሄድ 8፣ ሲመለስ 7 ሰዓት ገደማ ነው የሚጻፈው፤ የኛ ስሌት መሃል ላይ ገባ። ካይሮ ጆሃንስበርግ 8 ሰዓት ከ20 ይላችኋል፤ እውነቱም እዚያው አካባቢ ነው።

«ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበር የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይበራል። ቦይንግ 787 ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ 900 ገደማ ይሄዳል፣ ትንንሾቹ 737 እና ኤርባስ 320 ደግሞ 830 እና 840 አካባቢ። ግን እዚያ ፍጥነት ላይ የሚቆየው መሃሉን ብቻ ነው። በብዙ የአየር ክልሎች ከ3,000 ሜትር በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም ከ463 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድም። መውጣቱ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መውረድ የሚጀምረው ደግሞ ከማረፊያው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። በዚያ ላይ ከጌት ወጥቶ ወደ መንደርደሪያው መንፏቀቁ አለ፣ ተራ መጠበቁ አለ፣ አርፎ ደግሞ ጌት መፈለጉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው፣ ከጌት እስከ ጌት።

ለዚህ ነው አጭር በረራ ላይ ስሌቱ የሚያንሰው። ከሂትሮው ፓሪስ ሻርል ደጎል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኔ ስሌት አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ትኬቱ ግን 1 ሰዓት ከ15 ወይም ከ20 ይላል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ ጉዞ በግማሽ ሰዓት ፋንታ 45 ወይም 50 ደቂቃ ጨምሩ። በጣም ረጅም ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ መሃሉ ስለሚረዝም አማካይ ፍጥነቱ ከፍ ይላል። ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ለ850 አካፍሉ። ሲንጋፖር ኒውዮርክ 15,349 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዓለም ረጃጅም የመንገደኛ በረራዎች አንዱ፤ ለ850 ተካፍሎ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 18 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እንዳጋጣሚ ሆኖ አይደለም፣ በረራውም 18 ሰዓት ተኩል አለፍ ይላል።

ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከሆነ ሌላ ነው። ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ለ400 ኪሎ ሜትር ከጄት ብዙ አይዘገይም፣ ለ1,200 ግን ታውቁታላችሁ።

ነፋሱን አትርሱት

ሰው ሁሉ «ሲሄድ ስምንት ሲመለስ ሰባት፣ ምድር ስለምትዞር ነው» ይላል። አይደለም። አየሩም አውሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ነው የሚዞሩት። ሥራውን የሚሠራው ጄት ስትሪም ነው፤ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ አውሮፕላኖች በሚበሩበት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብ የነፋስ ወንዝ። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ላይ ኪያራ የተባለችው ማዕበል በነበረችበት ሌሊት አንድ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ፍጥነቱ ከመሬት አንጻር ሲለካ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በሰዓት አልፎ ነበር። ከመንገደኛ አውሮፕላኖች በሰፊው የሚበልጠው ከድምፅ ይፈጥን የነበረው ኮንኮርድ ነው፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያንኑ መንገድ በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ሸፍኖታል፤ ግን እሱ ከ2003 ጀምሮ የለም።

«ሲሄድ ያዘገየኝን ሲመለስ ይክሰኛል» ብላችሁም አታስቡ። በወረቀት እንየው። 5,400 ኪሎ ሜትር፣ አውሮፕላኑ 900፣ ነፋሱ 100። ነፋስ ከሌለ ደርሶ መልስ 12 ሰዓት ልክ። ነፋስ ካለ ሲገፋችሁ በ1,000 ትበራላችሁ፣ 5 ሰዓት ከ24። ሲጋፈጣችሁ በ800፣ 6 ሰዓት ከ45። ደምሩት፣ 12 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ ተበላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ነፋሱ ሲጋፈጣችሁ የምትቆዩበት ጊዜ ከሚገፋችሁ ጊዜ ይረዝማል።

ስለዚህ የምሥራቅና ምዕራብ በረራ ሲሆን ከስሌታችሁ ላይ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ ፓሲፊክን የሚያቋርጥ ከሆነ አንድ አንድ ሰዓት አድርጉት። ሰሜንና ደቡብ ከሆነ ተዉት።

ካርታ ላይ ክፍት፣ ሰማይ ላይ ዝግ

ስሌታችሁና ትኬቱ በሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከተለያዩ እናንተ አልተሳሳታችሁም ይሆናል። የአየር ክልል ተዘግቶ ይሆናል። ሄልሲንኪ ቶኪዮ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድሮ አውሮፕላኖቹ ሩሲያን አቋርጠው ሲሄዱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የሚፈጅባቸው። ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የሩሲያ የአየር ክልል ሲዘጋባቸው በሰሜን ዋልታ በኩል ወይም በደቡብ ዞረው 13 ሰዓት ገደማ ሆነ። ከተሞቹ አልተራራቁም፤ ከተሞቹማ የት ይሄዳሉ።

ይሄን አስቀድሞ ለማወቅ የአውሮፕላኖችን ጉዞ የሚከታተለው ፍላይትራዳር24 ድረ ገጽ ላይ የበረራ ቁጥሩን ጻፉ። ያለፉት ቀናት በረራዎች በየትኛው መስመር እንደሄዱ፣ መቼ ተነስተው መቼ እንዳረፉ ይዘረዝርላችኋል። አምስት ስድስቱን አይታችሁ አማካዩን ያዙ። ከየትኛውም ስሌት የሚሻለው ይሄ ነው፣ የኔንም ጨምሮ። እግረ መንገዳችሁን አየር መንገዶች ትኬት ላይ ትርፍ ደቂቃ እንደሚጨምሩም ታያላችሁ። ዘግይቶ ተነስቶ «በሰዓቱ ደረስን» የሚባለው በዚያ ነው፤ ደግሞ በኢንዱስትሪው አቆጣጠር 15 ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት እንደ መዘግየት አይቆጠርም።

ትኬቱን ማንበብ

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንመለስ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሌም የየከተማው ሎካል ሰዓት ነው። መነሻው የመነሻው፣ መድረሻው የመድረሻው። ስለዚህ ከመቀነሳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ ሰዓት አምጡ። እኔ ወደ መነሻው ነው የማመጣው። ኒውዮርክ ከለንደን በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ እዚያ 14:00 ሲል ለንደን 19:00 ነው። ከ11:00 እስከ 19:00 ስምንት ሰዓት። ይሄን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ምሳዬን በልቼ እተኛ ነበር።

ወጥመዶች አሉት። ሁለቱም ከተሞች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ያዞራሉ፣ ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ አሜሪካ መጋቢት ላይ ከእንግሊዝ ቀድማ ስለምታዞር ለሁለት ሦስት ሳምንት ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ ሁሌ ሙሉ ሰዓትም አይደለም። ሕንድ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 5 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፣ ኔፓል 5 ሰዓት ከ45። ከዴልሂ ካትማንዱ ስትበሩ ሰዓታችሁን 15 ደቂቃ ነው የምታስተካክሉት።

ሰዓቱ አጠገብ +1 የሚል ትንሽ ምልክት ካያችሁ የምትደርሱት በማግስቱ ነው። ይሄን ሳያዩ ሆቴል ለተሳሳተ ቀን የያዙ ሰዎች አውቃለሁ። ፓሲፊክ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ አለ፦ ከቶኪዮ 17:00 ተነስታችሁ አሥር ሰዓት በርራችሁ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን ጠዋት ትደርሳላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት። የቀን መለወጫ መስመሩን ስለተሻገራችሁ ነው። ትኬቱ አልተበላሸም፣ አትደውሉላቸው።

አንድ ቃል ደግሞ አለ፣ «ዳይሬክት»። ዳይሬክት ማለት ሳያርፍ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት ነው። መሃል ላይ አርፎ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ ሊቀጥል ይችላል። ሳያርፍ የሚሄደው «ነንስቶፕ» ነው። የጉዞው ሰዓት ከስሌታችሁ በሁለት ሰዓት ከበለጠ መጀመሪያ ይሄን አረጋግጡ።

ከበር እስከ በር

ለውሳኔ የሚጠቅማችሁ ይሄኛው ቁጥር ነው፣ ብዙ ድረ ገጽ ግን አይሰጣችሁም። ለንደን ፓሪስን እንደገና እንውሰድ። በረራው 1 ሰዓት ከ20። ወደ ሂትሮው መሄጃ አንድ ሰዓት። ዓለም አቀፍ በረራ ስለሆነ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ትገኛላችሁ። አርፋችሁ ፓስፖርትና ሻንጣ ቢፈጥን 40 ደቂቃ። ከሻርል ደጎል መሃል ከተማ ደግሞ 40 ደቂቃ። ድምር 5 ሰዓት ከ40። ባቡሩ ከመሃል ለንደን ተነስቶ መሃል ፓሪስ ለመግባት 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ይፈጅበታል፣ ቀድሞ መድረሻና ወደ ጣቢያው መሄጃ ሁለት ሰዓት ጨምሩበት፣ 4 ሰዓት ከ20። አየር ላይ የምትቆዩት አርባ ደቂቃ ምናምን ነው፤ የቀረው አምስት ሰዓት ሰልፍ ነው።